ውሃ የማይጠጣው ቀያሽ

በጃንሆይ ዘመን ማብቂያ ላይ ነው። ነጋዴው ከሊፋ ኮልፌ ላይ ለቆዳ መጋዘን የሚሆን መሬት ሊገዛ ሲነሳ፣ ውል ከመፈራረሙ አስቀድሞ ስፋቱንና ወሰኑን የሚለካለት ቀያሽ ቀጠረ።

ሰውዬው ረጅምና ቀጭን ነበር። ካኪ ኮቱ ከመታጠብ ብዛት ነጥቷል፤ የአንገቱን ቁልፍ ግን በዚያ ፀሐይ እንኳ አልፈታም። ችካል ከመምታቱ በፊት ጎንበስ ብሎ አፈሩን በመዳፉ ይዳብሳል።

ከመሬቱ ጥግ የባለርስቱ ጭሰኛ የእማማ ሰርኬ ጎጆ ነበረች። አሮጊቷ በጣሳ ውሃ ይዘው መጡ።

"እንካ ልጄ፣ ጉሮሮህን አርጥብበት።"

"እግዜር ይስጥልኝ እማማ። ችካል በተከልኩበት ግቢ ውሃ አልጠጣም።"

"ለምን?" አለ ከሊፋ፣ ስለት መስሎት።

ቀያሹ ሜትሩን መጠቅለል ጀመረ። "አንዴ ባገሬ ጠጥቼ ነበር። ያጠጣችኝ አክስቴ ናት፤ የተከልኩት ችካል ቤቷን አስፈረሰባት።"

እማማ ሰርኬ ጣሳውን መሬት ላይ አስቀመጡና "ታዲያ የኔ ጎጆ በየት በኩል ዋለች?" ብለው ጠየቁት።

ቀያሹ በልመና ዓይን ከሊፋን አየው። ከሊፋ ግን ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ።

"በውስጥ ናት፣ እማማ" አለ ቀያሹ ቀስ ብሎ።

ክረምቱ ሳይገባ ጎጆዋ ፈረሰች፤ እማማ ሰርኬም ወዴት እንደሄዱ የሚያውቅ ጠፋ። ከሊፋ መጋዘኑን ሠራ፤ ንግዱም ቀናው። የዚያን ቀያሽ ስም እንኳ አልጠየቀም። ፊቱን ባያዞር ኖሮ ግን ሰውዬው ያንን ችካል በደስታ ነቅሎ፣ ከጎጆዋ ወዲህ ይተክለው እንደነበር ያውቃል።