የረዘመው ኮት

ጄት አብራሪው ታላቅ ወንድሜ ለእህታችን ሠርግ ፈቃድ ወስዶ ሐረር ሲመጣ፣ አዲስ ላሰፋለት አሮጌ ኮቱን ለልክ ይዤ መኪና ግርግር፣ የልብስ ሰፊዎቹ መንገድ ወረድኩ። እሱ ለመለካት እንኳ ከአልጋ አልነሣም አለ። ሰነፍ ብዬ ሰደብኩት።

አዲሱ ኮት ሲደርስ ግን እሱን ጎትቼ ወሰድኩት። ሲለብሰው ወደ ታች ረዘመበት። ከልጅነታችን ጀምሮ የሰፉልን ሽማግሌ ትከሻውን ደጋግመው ሳቡና ቅር አላቸው።

«ኮቱስ ልክ ነው፣ ወላሂ። ከወገብ በላይ ያጠርከው አንተ ነህ፣ ልጄ። ወድቀህ ነበር እንዴ?»

«አርጅቼ ነው፣ አባባ» ብሎ ሊያሾፍ ሞከረ። ግንባሩን ላብ ችፍ ብሎበት ነበር።

በፈላና በር በኩል ስንመለስ የጀጎልን ግንብ ተደግፎ ቆመና ነገረኝ። ባለፈው ክረምት ወባ ይዞኛል ብሎ የጠፋው ለካ ልምምድ ላይ የጄቱ ሞተር ተቃጥሎ ነው። የማምለጫውን እጀታ ሲስብ ወንበሩ ከአውሮፕላኑ ወደ ላይ ወረወረው፤ አከርካሪው ተጨፈለቀ። ሐኪሞቹ ሁለተኛ ከደገመው ላይራመድ እንደሚችል ነግረውታል።

«እሱስ ይሁን» አለ። በፓራሹት የወረደው ገደል ውስጥ ነበር። ሊያነሣው የመጣውን ሄሊኮፕተር ነፋስ ከቋጥኝ ጋር አላተመው። ከነሠራተኞቹ ሲቃጠል ተጋድሞ አየ። እሱን በማግስቱ ገበሬዎች በቃሬዛ አወጡት።

«ደግሞ ቢደርስብህስ?»

«እጀታውን አልስብም። ለእኔ ብሎ ሌላ ሰው አይሞትም።»

ሻይ የሚያዝ ይመስል ነበር አነጋገሩ። ንድድ አለኝ። መንገደኛው እስኪዞር ድረስ ጮህኩበት። የሕክምና ቦርድ ሊያየው ቀጠሮ ነበረው፤ ያመኛል ቢል ከበረራ ያወርዱታል፣ ይተርፋል።

«ያመኛል በላቸው! አንዲት ቃል ናት!»

«ከዚያ ምን ልሁን? ሌላ ምን አውቃለሁ?» አለና ለእናታችን ትንፍሽ እንዳልል በእሷው ስም አስማለኝ።

ከሠርጉ በኋላ ወደ ቦርዱ ሄደ። በሳምንቱ ምሳ ላይ ሳለን ስልክ ጮኸ፤ እናታችን አነሣች። ድምፁ እኔ ድረስ ተሰማ።

«አለፍኩ፣ እማዬ! ምንም የለብህም አሉኝ። ከሰኞ ጀምሮ እበራለሁ!»

እናታችን እልልታዋን አቀለጠችው። ጎረቤት ሁሉ ምን ተገኘ እያለ ብቅ አለ። ስልኩን ለእኔ አቀበለችኝ፤ ጆሮዬ ላይ ለጠፍኩት። ትንፋሹ ይሰማኛል።

«ምን ይዘጋሻል? እንኳን ደስ አለህ በይው እንጂ!» ብላ ጎሸመችኝ።

አልኩት።