በቁጥር የተረከብኳቸው ዓሣዎች

ዛሬ ጠዋት የዓሣ ቁርስ በላሁ። ዓሣ አላልኩም፤ የዓሣ ቁርስ። ሐዋሳ የምትኖረው ልጄ ሳሎኗ ውስጥ አኳሪየም አላት። ሰሞኑን የወርቃማ ዓሣዎቿ እንቁላል ተፈልፍሎ፣ ለጫጩቶቹ የቀቀለችውን የዶሮ እንቁላል አስኳል በስኒ ማስቀመጫ ከድና ወደ ሥራ ሄደች። እኔ ደግሞ ስልሳ ሁለት ዓመት ሙሉ የተከደነ ነገር አይቶ ማለፍ ያልተማርኩ ሰው፣ ሚጥሚጣ ነስንሼ በአንድ ጉርሻ ጨረስኩት። ጥፋቴ የገባኝ መስታወቱ አጠገብ ቆሜ ጣቴን ስልስ ነው፤ ሽፋሽፍት የሚያካክሉት ጫጩቶች ወደ እኔ ዞረው የሚታዘቡኝ መሰለኝ። ሌላ እንቁላል ቀቅዬ አስኳሉን በሻሽ አጥልዬ ስሰጣቸው፣ ያ የውሃና የአስኳል ሽታ አፍንጫዬን መታኝ፤ ነጌሌ ቦረና ገባሁ።

መንግሥት በተለወጠ በዓመቱ ግድም ነጌሌ የባዮሎጂ መምህር ነበርኩ። አንድ የመንገድ መሐንዲስ ሥራውን ጨርሶ ሲሄድ፣ የሚሰጠው ሰው አጥቶ ነው መሰለኝ፣ የመስታወት ሳጥኑን ከሁለት ወርቃማ ዓሣ ጋር አሸክሞኝ ሄደ። ውሃ በአህያ በሚመጣበት ከተማ ዓሣ ማርባት የጀመረ ሰው ምን ዓይነት እንደሆነ አንባቢ ራሱ ይፍረድ። ዓሣዎቹ ግን እኔን ሳያስፈቅዱ ወለዱ፤ የገዛ እንቁላላቸውን መልቀም ሲጀምሩ የተረፈውን ወደ ልብስ ማጠቢያ ሳፋዬ ገለበጥኩት።

የተፈለፈሉት የመጀመሪያውን ሁለት ቀን ምንም አይበሉም፤ ከሆዳቸው ስር ባለው ስንቅ ይኖራሉ። መዋኘት ሲጀምሩ የመርፌ ራስ የምታህል አስኳል ትበቃቸዋለች፤ ካለፈ ውሃው ይሸታል፣ እነሱም ያልቃሉ። በሦስተኛው ሳምንት ከበርሜል ውሃ ተጠልሎ የወጣ የትንኝ እጭ ያሳድዳሉ። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ውሃቸው በየቀኑ በከፊል መቀየር አለበት። እኔም የሠላሳ አንዱን ጫጩቶቼን ውሃ እየቀየርኩ የወጣውን በኩራት ደጅ እደፋው ነበር።

ይህን ያዩት አዴ ጡሜ ናቸው። ድርቁ ከሊበን ገጠር ገፍቷቸው፣ ከብቶቻቸው አልቀው፣ በአንዲት ጥጃ ብቻ ከእኛ ግቢ ጀርባ የተጠለሉ አሮጊት ነበሩ። “ናጋ መምህሬ” ብለው ገቡ፤ “የምትደፋውን ለጀቢዬ ስጠኝ።” ጀቢ ማለት ያቺ ጥጃ ናት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ባልዲያቸውን ይዘው እየመጡ፣ ሳፋው ዳር ቁጢጥ ብለው ጫጩቶቹን እንደ በረት ከብት ይመረምሩ ጀመር። ገና ግራጫ ናቸውና መቼ ወርቅ እንደሚሆኑ ስጨነቅ፣ “ጥጃም ፀጉሩ ሲረግፍ ነው መልኩ የሚለየው፤ አትቸኩል” ይሉኝ ነበር።

ጉዱ የመጣው በሁዳዴ ነው። አከራዬ ወይዘሮ አስካለ እንቁላል ስቀቅል እጅ ከፍንጅ ያዙኝ።

“አንተ ልጅ፣ በሁዳዴ እንቁላል?”

“ለዓሣዎቹ ነው።”

“እንዴት ያለ ዓሣ ነው የዶሮ እንቁላል የሚቀለበው? አፍህን ክፈት እስቲ!”

በልጅነቴ እንኳ ጾም ገድፌ ያልተያዝኩት ሰውዬ አፌን ከፍቼ አሳየሁ። አሁንም አላመኑኝም። በእልህ፣ “የመንግሥት ዓሣዎች ናቸው! በቁጥር ነው የተረከብኳቸው፤ ከሠላሳ አንዱ አንድ ቢጎድል የምታሰረው እኔ ነኝ” አልኩ። ወይዘሮ አስካለ ሳቁብኝ። አዴ ጡሜ ባልዲያቸውን እንደያዙ በሩ ላይ ቆመው ነበር፤ እሳቸው አልሳቁም።

ከትንሣኤ በኋላም ዝናቡ ቀረ። እኔ ለአራት ቀን ስብሰባ ክብረ መንግሥት ከተማ ተጠራሁና ዓሣዎቹን ለአዴ ጡሜ አደራ ሰጥቼ ሄድኩ። ስመለስ ዘጠኝ ቀን ሆኖኝ ነበር። ሦስቱን ቀን የተሳፈርኩበት አይሱዙ ተበላሽቶ ነው፤ ሁለቱን ግን፣ ምን እዋሻለሁ፣ ካርታ ስጫወት ነው።

ግቢው ጸጥ ብሏል። ሳፋው ውስጥ ሠላሳ አንዱም አሉ፣ ወፍረዋል፣ አንዱ ጀርባው ላይ ወርቅ ማውጣት ጀምሯል። ደስታዬን ለአዴ ጡሜ ልነግራቸው ወደ ጀርባ ስሮጥ የጥጃዋ ገመድ ተጠቅልሎ ችካሉ ላይ ተሰቅሏል።

“አህያዎቹ አልመጡም፤ ወይዘሮም በርሜላቸውን ቆለፉ” አሉኝ፣ እንደ ተራ ወሬ። “ሁለት ጀሪካን ነበረኝ። ለጀቢም ለዓሣም አልበቃ አለ።”

“ታዲያ ለምን ለጥጃዋ አልሰጧትም?” አልኩ።

“አንተ ብትታሰር ማን ይጠይቅሃል? እናትህ ሩቅ ናት።”

ያኔ ነበር መናገር። ቀልድ ነው፣ የመንግሥት አይደሉም፣ የሚቆጥራቸውም የለም ማለት ነበረብኝ። ክፍል ውስጥ አርባ አምስት ደቂቃ ያለማቋረጥ የሚለፈልፈው አፌ ተዘጋ። ብነግራቸው ጥጃዋ በከንቱ መሞቷን ያውቃሉ ብዬ ነው እያልኩ ራሴን ሳባብል ኖርኩ፤ እውነቱ ግን አፈርኩ።

ዝናቡ በመጨረሻ ሲመጣ አዴ ጡሜ ወደ ሊበን ተመለሱ። የሚነዱት ከብት አልነበራቸውም፤ በትራቸውን ብቻ ይዘው ነው የሄዱት። በሩ ላይ ቆም ብለው፣ “ቆጣሪዎቹ ሲመጡ ሙሉ ናቸው በላቸው። እኔ ቆጥሬአለሁ” አሉኝ። እኔም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ “እሺ እላቸዋለሁ” አልኩ።

ዓሣዎቹ በሁለት ዓመት ውስጥ አለቁ፤ እኔም ተዛወርኩ፤ ያ ግቢ አሁን ፎቅ ሆኗል ይሉኛል። ከሊበን የመጣ ሰው ባገኘሁ ቁጥር ስለ አዴ ጡሜ እጠይቃለሁ፤ የሚያውቃቸው አላገኘሁም። ውሃ ስቀዳ አንዳንዴ ከኋላዬ የጥጃ ድምፅ የሰማሁ ይመስለኝና እዞራለሁ። የጥጃዋን ልክፈል ብልም አልችለውም። ሁለቱን ጀሪካን ውሃ ግን መመለስ እችል ነበር፤ እስከ ዛሬ አልመለስኩላቸውም።