ከሰይቼንቶ ወደ ሰይቼንቶ

በዚያን ዘመን ጎህ ሳይቀድ ከአልጋዬ እወርድ ነበር። አክስቴ ከመጋረጃው ወዲያ ሆና፣ "አንቺ ልጅ፣ ምን ያቁነጠንጥሻል? መንግሥት መሥሪያ ቤት እንደሆነ ጥሎሽ አይሄድ!" ትለኛለች። እኔ ግን አንድ እግር ጫማዬን አጥልቄ ሌላውን አልጋ ሥር እየፈለግሁ ነኝ።

የሚያቁነጠንጠኝ ቀዩ መስመር ነበር። ደብረ ማርቆስ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ታይፕ ተምሬ፣ አዲስ አበባ ሜክሲኮ አካባቢ አንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ሆኜ ስቀጠር፣ ስድስት ወር ሙከራ ላይ ነሽ ተባልኩ። የሰዓት ፊርማ መዝገቡ መግቢያው ላይ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። ልክ ሁለት ሰዓት ከአምስት ሲሆን የአስተዳደሩ ሰውዬ ማስመሪያውን ያስደግፍና ከመጨረሻው ፊርማ ሥር በቀይ እስክሪብቶ ያሰምራል። ከመስመሩ በታች የፈረመ አርፋጅ ነው። በሙከራ ጊዜው ሦስት ጊዜ ከመስመር በታች የፈረመ ደግሞ በመጣበት እግሩ ይመለሳል። ሰውዬው ይህን ሲነግረኝ ፈገግ ብሎ ነበር። እናቴ "ልጄ መንግሥት ቤት ገባች" ብላ ጎረቤት ጠርታ ደግሳለች። ተባርሬ ብመለስ እሷ እንዴት አድርጋ ከቤት እንደምትወጣ ማሰብ አልችልም ነበር።

የአክስቴ ቤት ቀራንዮ ነው። ከዚያ አየር ጤና ድረስ በእግር ነው፤ ክረምት ከሆነ ደግሞ በእግርም በእጅም ነው። አውቶቡሱ ሲመጣም በሩ ላይ ሰው አንጠልጥሎ ሳይቆም ያልፋል። ስለዚህ የቀረኝ ወደ ሜክሲኮ የሚመላለሱት ትንንሾቹ የሰይቼንቶ ታክሲዎች ነበሩ።

ሰይቼንቶ ሁለት በር ብቻ ነው ያላት። ሞተሯ ከኋላ ነው፤ ከኋላ የተሳፈሩት ሦስት ሰዎች ተጠባብቀው፣ ጀርባቸውን ሞተሩ እየጠበሳቸው፣ የቤንዚን ሽታ እየማጉ ይሄዳሉ። ጋቢና የተቀመጠ ግን ጌታ ነው። እርግጥ ከኋላ ሰው በወረደ ቁጥር እሱም ወርዶ ወንበሩን ማጠፍ አለበት፤ ጌትነት መቼ ያለ ድካም ተገኝቶ ያውቃል! ታዲያ ጋቢና ለመጣ ሁሉ አይሰጥም። አዲስ ሰው ከኋላ መሀል ላይ ይጀምራል፣ ጉልበቱን አገጩ ሥር አድርጎ። ተመላልሶ ሲታወቅ ወደ መስኮቱ ጥግ ይሸጋገራል። ጋቢና የሚደርሰው እውነተኛ ደንበኛ የሆነ ነው።

እኔ በሁለተኛው ወር ጋቢና ደረስኩ። የሾሙኝ ሽማግሌ ሹፌር ነበሩ፣ የጎጃም ሰው። አነጋገሬን ሰምተው አገሬን ለዩት። "ነይ እዚህ፣ የአገሬ ልጅ አጥንቷ በሞተር አይጠበስም" ብለው ጋቢናቸውን ሰጡኝ። ያን ቀን ወንበሩ ላይ ስቀመጥ የቀጠሩኝ ዕለት ከተሰማኝ የበለጠ ነው ደስ ያለኝ። በከተማው ውስጥ የእኔ የሆነ የመጀመሪያው ነገር ያ ወንበር ነበር።

የሽማግሌው ችግር አንድ ነው፤ ደንበኛ ጥለው አይሄዱም። የሚሳፈር ሌላ ሰው ቢኖርም፣ ሁልጊዜ የሚሄድ ደንበኛ ከቀረ ሞተሩን አጥፍተው ይጠብቃሉ። ብዙ ጊዜ የሚቀሩት ደግሞ አንዲት እናት ናቸው። ልጃቸው ከታሰረ ሁለተኛ ዓመቱ ነው። በየጠዋቱ ስንቁን በክዳን ሳህን፣ በጨርቅ ጠቅልለው ይዘው ይመጣሉ። እስር ቤቱ በር ላይ በጊዜ ካልደረሱ አይቀበሏቸውም። እግራቸው ያብጣል፤ ሲራመዱ እያረፉ ነው። ልጁ በምን እንደታሰረ ማንም አይጠይቅም፤ እሳቸውም አይናገሩም። ሳህኑ ባዶውን ከተመለሰላቸው ልጃቸው በሕይወት አለ ማለት ነው፤ ስለ እሱ የሚያውቁት ይህችኑ ብቻ ነበር።

ይህን ሁሉ አውቃለሁ። አዝንላቸዋለሁም። ግን እሳቸውን ስንጠብቅ ሁለት ጊዜ ከቀዩ መስመር በታች ፈረምኩ። ሁለተኛው ቀን ሰውዬው እስክሪብቶውን እየከደነ፣ "አንድ ቀረሽ፣ እህቴ" አለኝ። ሙከራዬን ለመጨረስ ደግሞ ገና ሁለት ወር ይቀረኛል።

ከዚያ በኋላ እንቅልፍም ምግብም እምቢ አለኝ። ፌርማታው ላይ ቆሜ መንገድ ወዲያ ማዶ የሚቆመውን የአንድ ወጣት ሹፌር ሰይቼንቶ ማየት ጀመርኩ። ልጁ ማንንም አይጠብቅም። አራት ሰው ከሞላለት በሩን እንኳ በቅጡ ሳይዘጋ ይነሳል። አንድ ቀን ሳየው አየኝና ጠራኝ።

"የእኔ እመቤት፣ እዚያ የት ነው የሚያስቀምጡሽ?"

"ጋቢና።"

"እኔም ጋቢና እሰጥሻለኋ! ከነገ ጀምሮ። ከኋላ ጀምሪ አልልሽም፤ እዚያ የደከምሽበትን እኔ ዘንድ እቆጥርልሻለሁ።"

ማታ ለአክስቴ ነገርኳት። "ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል" አለች። "መልአኩ ሰዓት ያከብራል" አልኳት። "እንግዲያው ለሽማግሌው ንገሪያቸው፤ ዝም ብሎ መጥፋት የሰው ወግ አይደለም" አለች። እሺ አልኩ፤ ግን አልነገርኳቸውም። ምን ብዬ? "እርስዎ ደግ ስለሆኑ እኔ ልባረር ነው" ይባላል? በማግስቱ ነጠላዬን እስከ ግንባሬ ስቤ፣ ከፌርማታው ጀርባ ባሉት ጋራዦች በኩል ዞሬ፣ የወጣቱ ሹፌር ጋቢና ውስጥ ገባሁ። ሽማግሌው ማዶ ቆመው የመኪናቸውን መስታወት ሲጠርጉ አየኋቸው። ጎንበስ ብዬ ጫማዬን እንደማስር ሆንኩ። ጫማዬ ማሰሪያ አልነበረውም።

ሦስት ሳምንት እንዲህ አለፈ። ሁልጊዜ ከመስመሩ በላይ ፈረምኩ፤ እንዲያውም በር ጠባቂውን የምቀድምበት ቀን ነበር። ግን ዕረፍት አላገኘሁም። በየጠዋቱ በጋራዦቹ በኩል እየተሹለከለኩ የሰረቀ ሰው መሰልኩ።

ከዚያ እሁድ ደረሰ። ከሰዓት በኋላ አክስቴ ከበር ላይ ሮጣ ገብታ እጄን ያዘችኝ።

"ተኚ!" አለችኝ።

"ምን?"

"ተኚ ነው የምልሽ! ሽማግሌው ቤቱን ጠያይቀው መጡ፣ ሰው አስከትለው። 'ልጅቷ ከጠፋች ሦስት ሳምንቷ ነው፣ ምን ነክቷት ነው? ታማ ነው?' ሲሉኝ ጊዜ... አዎ አልኩ። ምን ልበል? ከእኔ ቤት ወጥታ ከድታዎታለች ልበል?"

ሳላስበው አልጋ ላይ ወጣሁ። አክስቴ ራሴን በሻሽ ጠፍራ አሰረችው፤ ብርድ ልብሱን እስከ አንገቴ ጎተተችው። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አውልቀው ገቡ። ከኋላቸው እኚያ የእስረኛው እናት ናቸው፣ ያን እግራቸውን እየጎተቱ። አየር ጤና ድረስ መራመድ የሚከብዳቸው ሴትዮ ከዚያ አልፈው ቀራንዮ ድረስ እኔን ሊጠይቁ መጥተዋል። በፌስታል ስድስት ብርቱካን ይዘዋል።

"እግዜር ይማርሽ ልጄ። ለእሱ ከገዛሁት ላይ ቀንሼ ነው፤ ትንሽ ስለሆነ አትቀየሚኝ" አሉኝ።

ላብ አጠመቀኝ። እጃቸውን ግንባሬ ላይ አድርገው፣ "ትኩሳቱ አለቀቃትም" አሉ ወደ አክስቴ ዞረው። እውነታቸውን ነው፤ በኀፍረት እየነደድኩ ነበር። ሽማግሌው ጥግ ላይ ወንበር ይዘው ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። ሲወጡ ጎንበስ ብለው፣ "ሲሻልሽ ነይ። በየጠዋቱ እስክንነሳ ድረስ ጋቢናው ላይ ማንንም አላስቀምጥም" አሉኝ።

ሰው ይህን ሁሉ ከሰማ በኋላ በማግስቱ ወዴት ይሄዳል? እኔ ወደ ወጣቱ ሄድኩ። አዎ፣ ሄድኩ። ቀዩ መስመር ብርቱካን አያውቅም። ስደርስ ግን ጋቢናው ተይዟል። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ከኋላም ሦስት ሰው ሞልቷል። ልጁ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ፣ "ጓድ ሊቀመንበር ከዛሬ ጀምሮ ደንበኛችን ሆነዋል። ነገ ከኋላ አላጣልሽም" አለና ተነሳ። "ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም" የሚሉት ተረት ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

መንገዱን ተሻግሬ ወደ ሽማግሌው ሮጥኩ። ከኋላ ሁለት ሰዎች ተቀምጠዋል። ጋቢናው ባዶ ነው።

"እንኳን ተሻለሽ" አሉኝ በሩን እየከፈቱ።

ከዚያ በላይ መዋሸት አቃተኝ። "አባባ፣ አሞኝ አልነበረም" አልኳቸው።

"አውቃለሁ። በዚያ ልጅ ጋቢና ስታልፊ ሁለቴ አይቼሻለሁ።"

"ታዲያ ለምን ሊጠይቁኝ መጡ?"

"ሰው ሲጠፋ ይጠየቃል። የት እንደጠፋ የራሱ ጉዳይ ነው።" ወንበሩን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉልኝ። "ተቀመጪ። አንድ ሰው ቀርቶናል።"

የቀሩት ማን እንደሆኑ አልጠየቅኩም። ተቀመጥኩ። ሰዓቴን አየሁ፤ አንድ ሰዓት ከአርባ። መንገዱ ክፍት ከሆነ እንደርሳለን። ከአርባ ሦስት። የመኪናውን በር ከፍቼ ዘጋሁ፤ እንደገና ከፍቼ ዘጋሁ። ከኋላ ያለው ሰውዬ ሳል ብጤ አደረገው። ከአርባ ስድስት። እሳቸው በሚመጡበት መንገድ ላይ ማንም የለም። ደብረ ማርቆስ አውቶቡስ ተራ ላይ ሻንጣዬን ይዤ ስወርድ፣ እናቴም ልትቀበለኝ ስትመጣ ፊቷ ታየኝ።

"አባባ፣ እንሂድ" አልኩ።

መስኮቱን ዝቅ አድርገው መንገዱን አዩ።

"ዛሬ አይመጡም። ትናንት እኛ ቤት ድረስ ሄደው ደክሟቸው ይሆናል። እንሂድ። አንድ ነው የቀረኝ፤ ዛሬ ካረፈድኩ ያባርሩኛል!"

ሽማግሌው ዞረው አዩኝ። ተቆጥተው ቢሆን ይሻለኝ ነበር። "አንቺም ደንበኛ ነሽ" አሉና ሞተሩን አስነሱ።

ገና ጥቂት እንደሄድን እናትየዋን በጎን መስታወቱ ውስጥ አየኋቸው። ከማዕዘኑ ወጥተው በአንድ እጃቸው ሳህኑን ደረታቸው ላይ ይዘው፣ በሌላው እያውለበለቡ ሊሮጡ ይሞክራሉ። ነጠላቸው ከአንድ ትከሻቸው ወርዶ መሬት ይጎተታል። ሽማግሌው ዓይናቸው ከፊት ለፊቱ መንገድ አልተነሳም፤ አላዩም ነበር። ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ። "ይቁሙ" የሚለው ቃል አፌ ውስጥ ነበር። ጦር ኃይሎች እስክንደርስ አፌ ውስጥ ያዝኩት።

ሁለት ሰዓት ከሦስት ላይ ፈረምኩ። ሰውዬው ማስመሪያውን ከስሜ ሥር አስደግፎ አሰመረ። ከዚያ በኋላ አንድም ቀን አላረፈድኩም፤ ሁለቱ ወር ሲያልቅ ቋሚ ሆንኩ፤ እናቴም ዳግመኛ ደገሰች።

የእስረኛው እናት ግን ጥለናቸው በሄድን ማግስት ጠዋት ከሁላችንም ቀድመው ፌርማታው ላይ ቆመው ነበር። ወርጄ ወንበሩን አጠፍኩላቸው፤ ከኋላ ገብተው ተቀመጡ። ፊታቸውን ሳላይ ጠየቅኳቸው።

"ትናንት ደረሱ፣ እማማ?"

"አልተቀበሉኝም ልጄ። ምንም አይደል፤ ዛሬ የሁለት ቀኑን አድርጌ ይዤለታለሁ።" ከዚያ ሳህኑን በትከሻዬ በኩል ወደ ፊት አቀበሉኝ። "እዚህ ጠቦኛል፤ ገና ከትኩሳት ተነስተሽ ላስቸግርሽ ነው፣ እስክንደርስ ያዥልኝ።"

ተቀብዬ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። ከባድ ነበር፤ ሙቀቱም በቀሚሴ አልፎ ያቃጥለኛል። እስከ ሜክሲኮ ድረስ አላነሳሁትም።