የአክስቴ የዓሣ ኩሬ

አክስቴ ካረፉ ዛሬ አርባ ቀናቸው ነው። ባሕር ዳር ሹም አቦ ሰፈር ባለው ግቢያቸው፣ ከአንድያ ልጃቸው ጋር ቆፍረው በድንጋይና በሲሚንቶ የሠሩት የዓሣ ኩሬ ነበራቸው። ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ከጣና በባልዲ አምጥቶ የለቀቀበት ልጃቸው ነው።

በደርግ ጊዜ አንድ ጠዋት የቀበሌ ጥበቃዎች መጡ። «ልጅሽ እዚህ ውስጥ መሣሪያ ደብቋል» ብለው ኩሬውን አስደረቁን። ዓሣዎቹ ጭቃው ላይ ሲንፈራገጡ አክስቴ ገብተው የቻሉትን ያህል በበርሜል ሰበሰቡ። መሣሪያ አልተገኘም። ልጁን ግን ይዘውት ሄዱ።

በማግሥቱ ኩሬውን ለመሙላት ውሃ ሲያመላልሱ አገኘኋቸው።

«እትዬ፣ አሁን ይኼ ምን ያደርግልዎታል?» አልኋቸው።

«ሲመለስ ደርቆ እንዳያገኘው» አሉኝ።

አልተመለሰም። እሳቸው ግን በየቅዳሜው ግማሹን ውሃ ቀድተው ጎመናቸውን ያጠጡና በንጹሕ ይተኩት ነበር። ስለ ልጃቸው ለሚጠይቃቸው ሰው ሁሉ መልሳቸው «ዓሣዎቹ ደህና ናቸው» ነበር። ከዚያ በኋላ ማንም ደፍሮ ደግሞ አይጠይቃቸውም ነበር።

አሁን ወንድሞቼ «ሕፃናት ይወድቁበታል፣ በአፈር እንሙላው» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። እኔ ግን እሺ ማለት አቃተኝ። እሺ ያልሁ ቀን፣ እሱን የሚጠብቅ ሰው ከዚህ ቤት ሊጠፋ ነው።