አልጋዬ ሥር ያደሩ ጎማዎች

የረጠበ ጎማ በሸተተኝ ቁጥር ኮልፌ ያደግሁበት ክፍል ይመለስብኛል፤ አልጋዬ ሥር አራት የመኪና ጎማዎች ያድሩ ነበርና።

በደርግ ዘመን አባቴ ወደ አገሩ ከተመለሰ ጣሊያናዊ አለቃው የገዛት ሰማያዊ አሮጌ መኪና ነበረችው። መለዋወጫ እንደ ልብ ስለማይገኝ ሌቦች ከቆሙ መኪናዎች ጎማ እየፈቱ ይወስዱ ነበር። ነዳጅም በኩፖን ስለነበር አባቴ አልፎ አልፎ ብቻ ነድቷት ሲመለስ፣ በክሪክ አንሥቶ፣ ድንጋይ ላይ አሳርፎ፣ ጎማዎቿን አንድ በአንድ እያንከባለለ ክፍሌ ያስገባቸው ነበር።

ቤቱንም ያለ ጠባቂ ትተነው አናውቅም፤ አብዛኛውን ጊዜ የምጠብቀው እኔ ነበርሁ። ክረምቱ አልፎ እኩዮቼ ለእንቁጣጣሽ እየዘፈኑ በደጃችን ሲያልፉ፣ በቆርቆሮው አጥር ቀዳዳ ቀሚሳቸውን እያየሁ እቀር ነበር።

«አባባ፣ ልከተላቸው?»

«ቤቱን ለማን ትተሽ?»

በበጋው አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እናቴን ምጥ ያዛት። አባቴ ጎማዎቹን አውጥቶ የመጀመሪያውን ማሰር ሲጀምር፣ የእናቴ ጩኸት እየበረታ ሄደ። ጩኸቱን የሰሙት ጎረቤታችን፣ በርበሬ ነጋዴው ሐጂ ሰዒድ፣ የዕቃ መጫኛ ጋሪያቸውን በራችን ላይ አቆሙ።

«ጋሽ ታደሰ፣ እርስዎ አራቱን እስኪያስሩ ልጁ ትምህርት ቤት ይገባል» አሉ። «የእኔ ፈረስ እግሩ አይፈታም። ይምጡ፣ እንደግፋት።»

እናቴ በሁለቱ ተደግፋ በጆንያ ላይ ስትጋደም፣ ወደ አባቴ ዞራ፣ «አንተ መኪናህን ጠብቅ» አለችው። እሱም አጠገቧ ወጥቶ ተቀመጠ። ጋሪው ሊንቀሳቀስ ሲል ግን ወደ እኔ ዞሮ፣ «አደራ፣ ከግቢ እንዳትወጪ» አለኝ።

ትኑር ትሙት ሳላውቅ፣ ባለ አንድ ጎማዋን መኪና እያየሁ ደረጃው ላይ ተቀመጥሁ። ሊመሽ ሲል ሐጂ በአጥሩ በኩል፣ «ወንድም አገኘሽ፤ እናትሽም ደኅና ናት» አሉኝ። በሩን ከፍቼ እንኳ አላመሰገንኋቸውም።

በማግስቱ አባቴ ብቻውን መጣ። ግንባሬን ሳመኝ፤ ከዚያም ክሪኩን አንሥቶ፣ የታሰረችውን አንዷን ጎማ ፈትቶ ከሦስቱ ጋር አልጋዬ ሥር መለሳት።

መኪናዋን የሰረቃት የለም፤ ድንጋዮቹ ላይ እንዳለች ዛገች። ዛሬ ብቻዬን እኖራለሁ፤ የምጠብቀው ብዙ ንብረትም የለኝም። ሆኖም በሬን ቆልፌ ጥቂት እንደተራመድሁ ቆም እላለሁ፤ የሚጠይቀኝ ድምፅ ባይኖርም፣ ቤቱን ለማን እንደተውሁት መልስ እፈልጋለሁ።