ለቅሶ ቤት የዋሉት ዕጩ

ወይዘሮ አትጠገብ አግማስ ጎረቤት ሲያዝን ደጃቸውን ዘግተው መዋል የማይሆንላቸው፣ እግዚአብሔርን የሚፈሩ፣ ከአንደበታቸው እጃቸው ለሥራ የሚቀድም ሴት ናቸው። በደሴ ሰኞ ገበያ ሽንኩርት እየሸጡ ልጆቻቸውን ለወግ ለማዕረግ አብቅተዋል። ለከተማው ምክር ቤት በግል ዕጩነት የቀረቡትም የሠፈሩ የውኃ ቦኖ ከደረቀ ዓመት ሲያልፈው በጉባኤ ቆሞ የሚናገርለት ሰው ስለ ጠፋ ነው። ተቀናቃኛቸው አቶ ጸጋው ኮምቦልቻ ላይ መጋዘን ያላቸው፣ ድምፅ ማጉያ የጫነ መኪና የሚያሰማሩ፣ አንደበተ ርቱዕ ሰው ነበሩ።

በቅስቀሳው መጨረሻ ቀን ሁለቱም ፒያሳ ባለው አዳራሽ ለሕዝብ እንዲናገሩ ተወሰነ። ወይዘሮ አትጠገብ ንግግራቸውን አጥንተው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ሊወጡ ሲሉ የቅሬው ለፋፊ ተጣራ። ቅሬ ክርስቲያኑንም እስላሙንም በአንድነት የሚያቀብር ማኅበር ነው። ያረፉት ጎረቤታቸው እማማ ሐዋ ነበሩ፤ ቀብራቸውም ከቀትሩ የዙሁር ሶላት በኋላ ሆነ።

«እትዬ፣ ለቅሶው ነገም አለ፤ ንግግሩ ግን ዛሬ ካለፈ አለፈ» አለ ቅስቀሳውን የሚያስተባብርላቸው ደምመላሽ።

«ጀሪካኑን አቀብለኝ።»

«እንሸነፋለን እኮ!»

«ብንሸነፍም ለቀስተኛው ውኃ ይጠጣል። አንተም ያን ክራቫትህን ፈተህ ድንኳን ትከል።»

እንዲህ ይበሉ እንጂ ልባቸው አላረፈም። ከቁልቁለቱ ምንጭ ውኃ ተሸክመው ሲወጡ «ድካሜን በገዛ እጄ አፈሰስሁት» እያሉ ይብሰለሰሉ ነበር።

ወንዶቹ ከቀብር ሲመለሱ የቅሬው ዳኛ ሸህ ኑርሁሴን ድንኳኑን የሞላውን ሕዝብ ቃኙ።

«አትጠገብ፣ ሠፈሩ ሁሉ እዚህ ነው። ሁለት ቃል ተናገሪ።»

«ይቅር ይበሉኝ ሸህ፤ በሰው ለቅሶ ድምፅ አልለምንም።»

ወዲያው የአቶ ጸጋው መኪና እየጮኸ ደረሰ። ቅሬ ሲጠራ ከቤት የሚቀር የለምና፣ በአዳራሹ ከባዶ ወንበር ጋር ሲፋጠጡ ቆይተው ሕዝቡን ፍለጋ መምጣታቸው ነበር።

«ጌታው፣ ወንበሩስ መረጠዎት?» አለች ሱሀይላ የምትባል ጎረቤት።

ወይዘሮ አትጠገብ በዓይናቸው ገሠጿት። «አቶ ጸጋው፣ ማጉያውን ያስጠፉና ይግቡ። እዚህ አጠገቤ ቦታ አለ።»

ሰውዬው አፍረው ተቀመጡ፤ ሕዝቡም ይህን ሁሉ አየ።

ድምፅ ተሰጥቶ፣ ውጤቱ በምርጫ ጣቢያው በር ላይ በተለጠፈ ጊዜ ሰኞ ገበያ በእልልታ ተናወጠ። ወይዘሮ አትጠገብ በሰፊ ብልጫ አሸንፈው ነበር። የእማማ ሐዋ ልጅ ሙዓዊያ ሕዝቡን ሰንጥቆ መጥቶ ትከሻቸውን ሳመ።

«አብሽሩ እትዬ፣ ደስ ይበልዎ! በእናቴ ለቅሶ አልለመኑንም፤ እኛም ሳንለመን ሰጠን።»

አቶ ጸጋው ሳይቀሩ መጥተው እጅ ነሡ። ወይዘሮ አትጠገብ ዕንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። ያን ጊዜ በልባቸው የነበረው አንድ ነገር ነው፤ ያጠኑት ንግግር አልባከነም፣ በጉባኤው ፊት ስለ ቦኖው ይናገሩታል።

አምላከ ቅዱሳን ዕድሜያቸውን ያርዝም፤ ቤታቸውንና ልጆቻቸውን በረድኤቱ ይጠብቅ፤ አሜን።