ነጠላ የለበሰው መሣሪያ

ያኔ ደባርቅ ተቀምጬ የማድቤት ጭስ የሚለካ መሣሪያ በየገጠሩ ቤት እሰቅል ነበር። አምባራስ በምትባል መንደር አንዲት እናት ቤት፣ ምድጃው አጠገብ ካለው ምሰሶ ላይ ሰቅዬ በሦስተኛው ቀን ስመለስ በታጠበ ነጠላቸው ተጠቅልሎ አገኘሁት። ቁጥሩን ሳየው፣ ያ በኩበት ጭስ የታፈነ ቤት አየሩ ስሜን ተራሮች ላይ እንዳለው እንደ ጨነቅ ገደል አፋፍ የጠራ ነው ይላል።

ተናደድኩ። «እማማ፣ ለምን ሸፈኑት?» አልኳቸው።

«የሰው ዕቃ በጭስ አጥቁሬ በምን ዓይኔ አይሃለሁ፣ ልጄ?» አሉኝና ሳላቸው አቋረጣቸው።

ዛሬ ቢሮ ተቀምጬ የሌሎችን ልኬት ሳገላብጥ ያ ቤት፣ ያ የኩበት ሽታ ይናፍቀኛል። ነጠላውንም አልረሳሁትም። ሲስሉ እየሰማሁ፣ የጠየቅኳቸው ስለ መሣሪያው ብቻ ነበር።